ዳይምዮ፦ በሩዝ ስለሚለካው የጃፓን መስፍን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጃፓን የድሮ መሳፍንት ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሰይፍና የጦር ልብስ ነው። ዳይምዮን በደንብ ለማወቅ ግን ከሰይፉ ይልቅ የሩዝ መስፈሪያውን መያዝ ይበጃል። ማዕረጉም፣ የሎሌው ብዛትም፣ በሾጉኑ፣ ማለት በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሩን በሚገዛው የጦር አለቃ፣ አዳራሽ የሚቀመጥበት ቦታም በሩዝ ልክ ይወሰን ነበር፤ ውሎ አድሮ አቅሙን የጨረሰውም ያው ሩዝ ነው። እዚህ ያሉት መልሶች በአብዛኛው የሚያተኩሩት ከ1603 እስከ 1868 በነበረው የኤዶ ዘመን ላይ ነው። ኤዶ ማለት የዛሬዋ ቶኪዮ ናት። ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳይምዮ የሚባለው ማን ነው?

ቃሉ ሲፈታ «ታላቅ ስም» ማለት ነው። «ስም» የተባለው በጥንት ጊዜ በያዡ ስም ተመዝግቦ ይጠራ የነበረ እርሻ ነው፤ እንዲህ ያለ መሬት በብዛት የያዘ ሰው ባለ ታላቅ ስም ተባለ። በኤዶ ዘመን ግን ነገሩ በቁጥር ተቆረጠ። ሁለት ነገር መሟላት ነበረበት፦ አንደኛ፣ ግዛቱ በዓመት 10 ሺህ ኮኩ ወይም ከዚያ በላይ ሩዝ ያወጣል ተብሎ የተገመተ መሆን፤ ሁለተኛ፣ ግዛቱን በቀጥታ ከሾጉኑ እጅ መቀበል።

ሁለተኛውን ብዙዎች ይዘነጉታል። በካጋ ግዛት ለማዬዳ ቤት ያደረው የሆንዳ ቤተሰብ 50 ሺህ ኮኩ ነበረው፤ ከብዙ ዳይምዮዎች የበለጠ ማለት ነው። ነገር ግን ጌታው ማዬዳ እንጂ ሾጉኑ ስላልሆነ ዳይምዮ አልተባለም። በተቃራኒው የሾጉኑ ቀጥተኛ ሎሌ ሆኖ ከ10 ሺህ በታች የያዘው ሃታሞቶ ይባላል። የዳይምዮዎቹ ቁጥር እንደ ጊዜው ከፍ ዝቅ ቢልም ከ260 እስከ 270 አካባቢ ነበር። ሳሙራይ የሚለው ደግሞ የጦረኛው መደብ ሁሉ መጠሪያ ነው፤ ዳይምዮ ሁሉ ሳሙራይ ነው፣ ከሳሙራዩ ግን ዳይምዮ የሚሆነው እጅግ ጥቂቱ ነው።

አንድ ኮኩ ስንት ነው?

ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ሩዝ ነው። ሲመዘን 150 ኪሎ፣ በእኛ አነጋገር አንድ ኩንታል ተኩል ይሆናል። አንድ አዋቂ ሰው በዓመት የሚበላው ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሲከፋፈል አንድ ኮኩ 10 ቶ፣ 100 ሾ፣ 1,000 ጎ ነው።

ይህ ልኬት በአገሩ ሁሉ አንድ የሆነው ከኤዶ ዘመን በፊት አገሩን ይገዛ በነበረው በቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ጊዜ ነው። ከእሱ በፊት መስፈሪያው ሳጥን ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር፤ በአንዱ ቤት አንድ ሾ የሚባለው በሌላው ሌላ ነበር። ሂዴዮሺ ከ1582 ጀምሮ አገሩን እያስለካ በኪዮቶ ሳጥን ብቻ እንዲሰፈር አዘዘ። የእርሻውም ልክ አንድ ታን፣ ማለት ከሄክታር አንድ አሥረኛው ገደማ፣ ሆኖ ተወሰነ። ከዚያ እያንዳንዱ ማሳ ደረጃ ተሰጠው። የመስኖ ማሳ አንደኛ ደረጃ ከሆነ በታን 1.5 ኮኩ፣ መካከለኛ ከሆነ 1.3፣ ዝቅተኛ ከሆነ 1.1 ያወጣል ተብሎ በመዝገብ ሰፈረ። ደረቅ እርሻና የቤት ቦታ እንኳ ሩዝ ባይበቅልበትም በሩዝ ተተምኖ ተጻፈ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «የ100 ሺህ ኮኩ ዳይምዮ» ሲባል ግዛቱ በጠቅላላው ያፈራል ተብሎ የተገመተው እንጂ በጌታው እጅ የሚገባው አይደለም። ሌላው፣ በሾጉኑ መዝገብ ያለው ቁጥርና የመሬቱ እውነተኛ ምርት እየቆየ ይራራቃል። የቾሹ ግዛት በመዝገብ 369 ሺህ ኮኩ ነበር፤ ባሕር ዳርቻውን እያደረቀና አዲስ እርሻ እያቀና ግን በዘመኑ መጨረሻ ወደ እጥፍ የተጠጋ ምርት ያወጣ ነበር። ያ ትርፍ ምን እንደሠራ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

የገበሬው ግብር እንዴት ይሰላ ነበር?

ግብሩ የሚጣለው በሰው ላይ ሳይሆን በመንደር ላይ ነው። በመኸር ወቅት የዳይምዮው ምስለኔ ለመንደሩ ጭቃ ሹም የተጻፈ ትእዛዝ ይልካል። ወረቀቱ ሦስት ነገር ይዟል፦ የመንደሩ የተመዘገበ ምርት፣ የዘንድሮው የግብር መጠን፣ የማስረከቢያው ቀን።

በምሳሌ እንየው። 500 ኮኩ የተመዘገበበት መንደር ላይ አራት እጅ ለጌታው፣ ስድስት እጅ ለገበሬው የሚለው ቀመር ቢጣል ግብሩ 200 ኮኩ ነው። ሩዙ ተፈትጎ፣ ተነፍቶ፣ ከገለባ በተሠራ ከረጢት ይታሰራል። አንዱ ከረጢት 4 ቶ ከያዘ፣ ማለትም ወደ 60 ኪሎ ከሆነ፣ መንደሩ 500 ከረጢት ያስረክባል። ለመጓጓዣና በመንገድ ለሚፈሰው ማካካሻ ተብሎ ደግሞ ጭማሪ አለበት። ብዙ ቦታ መጠኑ ወደ እኩል ለእኩል ያድግ ነበር። ጎተራው በር ላይ የጌታው ሰው ከረጢት እየመረጠ ይወጋና የሚወጣውን ፍሬ በመዳፉ አገላብጦ ያያል፤ ሩዙ ከረጠበ ወይም ከተሰባበረ ይመለሳል።

ግብሩን በየቤቱ የሚያከፋፍለው ጭቃ ሹሙ ራሱ ነው። አንዱ መክፈል ካቃተው የቀረው መንደርተኛ ይሞላለታል። ለጌታው ይህ ትልቅ እረፍት ነበር፤ ጥቂት ጸሐፊ ይዞ መቶ መንደር ያስገብራል። ለመንደሩ ግን ጎረቤት የጎረቤት ዋስ ሆኖ መኖር ማለት ነው።

የግብሩ መጠን የሚወሰነው በሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱም ችግር ነበረባቸው። አንደኛው መንገድ በየዓመቱ ሰብሉን አይቶ መወሰን ነው። ተቆጣጣሪው መጥቶ ናሙና አሳጭዶ እስኪሰፍር ድረስ ገበሬው ማጨድ አይፈቀድለትም። ተቆጣጣሪው ሲዘገይ የደረሰው ሩዝ በዝናብ ይበሰብሳል፣ በዚያው ማሳ ለሚዘራው ገብስም ጊዜ ያልፋል። ለተቆጣጣሪው ግብዣና እጅ መንሻም አለ። ሁለተኛው መንገድ ያለፉትን ዓመታት አማክሎ ለተወሰነ ዘመን ቁርጥ ግብር መጣል ነው። በዚህኛው ትጉህ ገበሬ ትርፉን ለራሱ ያስቀራል። ብርዱ ወይም ጎርፉ በመጣ ዓመት ግን ቁርጡ አይቀነስም፤ ለማስቀነስ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ መሆኑን ማስመስከር ይጠይቃል።

መሬቱ የዳይምዮው ነበር?

አልነበረም። የያዘው የማስገበርና የመዳኘት መብት ነው። መብቱም ቀይ ማኅተም ባለበት የሾጉኑ ደብዳቤ የተሰጠ ሲሆን አዲስ ሾጉን ሲቀመጥ ደብዳቤው እንደገና ይጻፋል። ሾጉኑ በፈለገው ቀን ጌታውን ከነሎሌው ነቅሎ ወደ ሌላ አገር ሊያዛውረው ይችል ነበር። ገበሬው ከመሬቱ ጋር ይቀራል፤ በማግስቱ አዲስ ጌታ ይቀበላል። በ1588 ሂዴዮሺ የገበሬውን ሰይፍና ጦር ካስሰበሰበ በኋላ ሳሙራዩም ከገጠር እየወጣ በጌታው ግንብ ሥር በሚገኘው ከተማ ሰፍሯል። ስለዚህ አብዛኛው ሳሙራይ መሬት አያውቅም፤ ቀለቡን ከጌታው ጎተራ በሩዝ ይሰፈርለታል። ሳትሱማን የመሰሉ ግዛቶች ከዚህ የተለዩ ነበሩ፤ እዚያ ብዙ ሳሙራይ ገጠር ተቀምጦ ያርስ ነበር።

ዳይምዮዎች ሁሉ እኩል ነበሩ?

በሦስት ይከፈሉ ነበር፤ ክፍፍሉም የመጣው ከአንድ ጦርነት ነው። በ1600 በሴኪጋሃራ ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ተቀናቃኞቹን ድል አደረገ፣ በ1603 ሾጉን ሆነ። ከጦርነቱ በፊት የእሱ ሎሌ የነበሩት ፉዳይ ተባሉ። ከጦርነቱ በኋላ የገቡለት ቶዛማ፣ ማለትም የውጭ ጌቶች ሆኑ። የሥጋ ዘመዶቹ ደግሞ ሺንፓን ናቸው፤ ከእነሱም ኦዋሪ፣ ኪይና ሚቶ የተባሉት ሦስት ቤቶች ይልቃሉ።

ትልልቆቹ ግዛቶች በአብዛኛው የቶዛማ ናቸው። የካጋው ማዬዳ ከ1 ሚሊዮን ኮኩ በላይ፣ የሳትሱማው ሺማዙ ከ700 ሺህ በላይ፣ የሴንዳዩ ዳቴ 620 ሺህ ነበራቸው። ከፉዳይ ትልቁ የሂኮኔው ኢ ግን 350 ሺህ ብቻ ነበር። ታዲያ የመንግሥት ሹመት የሚሰጠው ለፉዳይ ነው። በማዕከል አገር የሚያስተዳድሩት አራትና አምስት ታላላቅ ሹማምንት የሚመረጡት ከእነሱ ነበር። ሀብቱ ከአንዱ ወገን፣ ሥልጣኑ ከሌላው ወገን እንዲሆን ታስቦበት የተሠራ ነው፤ 250 ዓመት ያህል ያለ ትልቅ የእርስ በርስ ጦርነት ያቆየውም በትልቁ ይህ ይመስለናል። ጉዳቱም ከዚያው መጣ። ከ1.2 ሚሊዮን ኮኩ ወደ ሲሶው የተቆረጠው የቾሹው ሞሪ ቤትና በዳር አገር የቀረው ሺማዙ ለትውልድ ቂም ይዘው በመጨረሻ ሾጉኑን የጣሉት እነሱ ናቸው።

ለምን አንድ ዓመት በአገራቸው፣ አንድ ዓመት በኤዶ ይቀመጡ ነበር?

ሥርዓቱ ሳንኪን ኮታይ ይባላል። «ተራ በተራ ደጅ መጥናት» ብንለው ከሐሳቡ አንርቅም። ሦስተኛው ሾጉን ቶኩጋዋ ኢዬሚትሱ በ1635 ሕግ አድርጎ አወጣው። ጌታው አንዱን ዓመት በግዛቱ፣ አንዱን ዓመት በሾጉኑ ከተማ ያሳልፋል። ሚስቱና አልጋ ወራሹ ግን ሁልጊዜም ኤዶ ናቸው፤ መያዣ ናቸው። ርቀት ያለባቸው የተለየ ተራ ነበራቸው፦ ኮሪያ አጠገብ ያለችው የቱሺማ ጌታ በሦስት ዓመት አንዴ ይመጣ ነበር። የሚቶው ጌታ ደግሞ ዘወትር ኤዶ ነው የሚኖረው።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ማሰብ ይገባል። የሚቀጥለው ጌታ ኤዶ ተወልዶ፣ በኤዶ ቋንቋና ወግ ያድጋል። የሚገዛውን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። ሰዉ የሚናገረው ቋንቋ ባዕድ እስኪመስለው ድረስ ይለይበታል።

ጉዞው ራሱን የቻለ ዘመቻ ነበር። የካጋው ጌታ ከካናዛዋ ኤዶ ለመድረስ 480 ኪሎ ሜትር ያህል በ13 ቀን ገደማ ይጓዝ ነበር፤ አጃቢው እንደ ጊዜው ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ይደርሳል። ሰዎች ከወራት በፊት ቀድመው ሄደው በየማረፊያው ለመሳፍንት የተለየውን ቤት ይይዛሉ። ቀኑ ከተዛባ ሁለት ጌቶች በአንድ ማረፊያ ይገጥማሉ፤ ያ ደግሞ የማዕረግ ጠብ ነው። ኤዶን ከኪዮቶ በሚያገናኘው በቶካይዶ መንገድ ላይ ያለው የኦዪ ወንዝ ድልድይ እንዳይሠራበት ተደርጎ ነበር። መንገደኛው በሸክም፣ በሰው ትከሻ ይሻገራል። ውሃው ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ መሻገሪያው ይዘጋል፣ ጓዙም ሁሉ እስኪጎድል ድረስ በየቀኑ የማደሪያና የምግብ እየከፈለ ይጠብቃል።

የሃኮኔ ኬላ የሚፈትሸው በተለይ ሁለት ነገር ነው ይባል ነበር፦ ወደ ኤዶ የሚገባ ጠመንጃና ከኤዶ የምትወጣ ሴት። ጠመንጃው አመፅ ነው፤ ሴቲቱ ደግሞ ካመለጠች መያዣው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሴት ፈታሾች መንገደኛዋን አስቀምጠው፣ መልኳ በይለፍ ወረቀቷ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ፀጉሯን ሳይቀር ፈትተው ያረጋግጡ ነበር።

ኤዶ ውስጥ አንድ ትልቅ ጌታ የላይ፣ የመካከልና የታች የሚባሉ ብዙ ግቢዎችን ያስተዳድራል፤ በየግቢው የሚቀለብ ሳሙራይ በመቶና በሺህ ይቆጠራል። ለጉዞውና ለኤዶው ኑሮ የሚወጣው በብዙ ግዛት ከጠቅላላው ወጪ ግማሹን ይወስድ ነበር። በሌላ በኩል መንገዱ፣ ማረፊያ ከተሞቹ፣ የኤዶ ገበያና የእጅ ጥበቡ ያደጉት በዚሁ ወጪ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኤዶ ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር።

ሾጉኑ አንድን ዳይምዮ በምን ያጠፋው ነበር?

ሦስት ቅጣት ነበር፦ ግዛት መንጠቅ፣ ግዛት መቀነስ፣ ወደ ሌላ አገር ማዛወር። በ1615 የወጣው የመሳፍንት ሕግ ያለ ፈቃድ ግንብ መጠገንንና በቤቶች መካከል መጋባትን ከልክሏል። በዚያው ዓመት በአንድ ግዛት ከአንድ በላይ ግንብ እንዳይኖርም ታዝዟል።

ሕጉ በወረቀት የቀረ አልነበረም። የሂሮሺማው ፉኩሺማ ማሳኖሪ በሴኪጋሃራ ለኢዬያሱ የተዋጋ ጌታ ነው። ጎርፍ ያፈረሰውን ግንቡን ፈቃድ ሳያገኝ አሠራ ተብሎ በ1619 ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ኮኩ ተነጠቀና 45 ሺህ ተሰጠው። በ1701 የአኮው ጌታ አሳኖ ናጋኖሪ በኤዶ ግንብ ውስጥ ኪራ የተባለውን የሥነ ሥርዓት ሹም በሰይፍ መታ። በዚያው ቀን ሴፑኩ፣ ማለት ራሱን እንዲያጠፋ ታዘዘ፤ 50 ሺህ ኮኩ ግዛቱም ተወረሰ። ሎሌዎቹ ጌታ አልባ፣ ሮኒን ሆኑ፤ 47ቱ በ1703 መጀመሪያ ኪራን ገደሉ።

ሕዝብን ማስመረርም ያስቀጣ ነበር። የሺማባራው ጌታ ማትሱኩራ ካትሱዬ 40 ሺህ ኮኩ የተመዘገበለትን አገር ከእጥፍ በላይ ያፈራል ብሎ ያስገብር ነበር። በ1637 ገበሬው፣ ብዙው ክርስቲያን፣ ተነሣበት። አመፁ በብዙ ደም ከተዳፈነ በኋላ ካትሱዬ በ1638 አንገቱ ተቆረጠ። በኤዶ ዘመን ሴፑኩ እንኳ ሳይፈቀድለት እንደ ወንጀለኛ የተገደለ ዳይምዮ እሱ ብቻ ነው።

ብዙ ቤት ያጠፋው ግን ጥፋት ሳይሆን ልጅ ማጣት ነው። ጌታው ወራሽ ሳያስመዘግብ ከሞተ ግዛቱ ይወረሳል፤ በሞት አልጋ ላይ ልጅ ማሳደግም አይቆጠርም ነበር። በዚህ ምክንያት የፈለሰው ሮኒን በዝቶ በ1651 ኤዶ ውስጥ የመፈንቅለ መንግሥት ሴራ ሲገኝ ሕጉ ላላ ተደረገ።

የወታደር ሥራ ከሌለ ዳይምዮው ቀኑን በምን ያሳልፍ ነበር?

ሥራውን የሚሠሩለት ካሮ የተባሉት የቤቱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከእነሱ በታች የገንዘብ፣ የከተማና የገጠር ሹማምንት አሉ። የመስኖ ቦይ፣ የወንዝ ዳር ግድብ፣ የደን ጥበቃ፣ ዳኝነትና ትምህርት ቤት ሁሉ በግዛቱ ወጪ ይሠራል። ሾጉኑም የራሱን ሥራ ያሸክማቸው ነበር። በ1754 ሳትሱማ ከአገሩ እጅግ ርቆ የኪሶን፣ የናጋራንና የኢቢን ወንዞች እንዲገድብ ታዘዘ። ሥራው ወደ 400 ሺህ ርዮ (የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ) ፈጀ፣ ከ80 በላይ የሳትሱማ ሰዎች ሞቱበት፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው።

ይህን ያህል የሚገብርለት ጌታ ለምን በዕዳ ይዘፈቅ ነበር?

ገቢው ሩዝ፣ ወጪው ገንዘብ ስለሆነ ነው። ቀለብ ከሰፈረ በኋላ የቀረውን ሩዝ በመርከብ ወደ ኦሳካ ይልካል። እዚያ የራሱ ጎተራ አለው፤ የሚያስተዳድሩለትና የሚሸጡለት ግን ነጋዴዎች ናቸው። የኦሳካው የዶጂማ ሩዝ ገበያ በ1730 ከሾጉኑ ፈቃድ ሲያገኝ ገና ያልተጨደ ሩዝ ሁሉ በወረቀት ይሸጥበት ነበር። ነጋዴው የሚመጣውን ዓመት ሩዝ በመያዣነት ይዞ ያበድራል፤ ዓመቱ ሲመጣ ሩዙ ለወለዱ ይሄዳል፤ ለኑሮ ደግሞ የከርሞው ይያዛል።

ዝናቡ ሲሰምር ሩዙ ይበዛና ዋጋው ይወድቃል፤ የጨርቁ፣ የዘይቱ፣ የወረቀቱ ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም። ዝናቡ ሲጠፋ ዋጋው ይወደዳል፤ የሚሸጥ ሩዝ ግን የለም። ስምንተኛው ሾጉን ዮሺሙኔ ራሱ ተቸግሮ በ1722 ከየ10 ሺው ኮኩ 100 ኮኩ አምጡልኝ፣ በለውጡ የኤዶ ቆይታችሁን በግማሽ አሳጥርላችኋለሁ ብሎ መሳፍንቱን ጠይቋል። እስከ 1730 እንዲያ ቆየ።

ጌቶቹ መጀመሪያ የሚነኩት የሎሌውን ቀለብ ነው። «ብድር» ተብሎ ግማሹ ይቆረጣል፤ አይመለስም። ቀጥሎ በግዛቱ ውስጥ ብቻ የሚሠራ የወረቀት ገንዘብ ያትማሉ፤ ፉኩይ በ1661 አሳትሟል። ከልክ በላይ ሲታተም ግን ሕዝቡ ይጠላዋል። ሌሎች አንድን ምርት ይጠቀልላሉ። ሳትሱማ 5 ሚሊዮን ርዮ ዕዳውን በ250 ዓመት እከፍላለሁ ብሎ አበዳሪዎቹን አስገደደ። ከአማሚ ደሴቶች የሚመጣውንም ስኳር ለብቻው ያዘ፤ የደሴቶቹ ሰው ሩዝ መዝራት ትቶ ሸንኮራ እንዲተክል ተገድዶ ከባድ መከራ አየ።

ዕዳ ቤት እንዴት እንደሚበላና እንዴት እንደሚወጡበት ለማየት ዮኔዛዋን የሚተካከል የለም። ዮኔዛዋ የኡዬሱጊ ቤት ግዛት ነበር፤ ቤቱ ቀድሞ 1.2 ሚሊዮን ኮኩ ነበረው። በሴኪጋሃራ በተሸናፊው ወገን ስለነበር በ1601 ወደ 300 ሺህ ወረደ፤ በ1664 ጌታው ልጅ ሳይተው በድንገት ሲሞት ወደ 150 ሺህ ተቆረጠ። ገቢው ወደ አንድ ስምንተኛ ሲወርድ ቤቱ ሎሌ አላባረረም፤ 5 ሺህ ያህል ሰው ይዞ ቀጠለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግዛቱን ለሾጉኑ መልሰን እንገላገል እስከማለት ተደረሰ።

በ1767 ከሌላ ትንሽ ግዛት በጉዲፈቻ የመጣው ኡዬሱጊ ዮዛን በጃፓን የዕድሜ አቆጣጠር በ17 ዓመቱ ጌታ ሆነ። የቤቱን ዓመታዊ ወጪ ከ1,500 ርዮ ወደ 209 አወረደ፣ የእልፍኝ ሴቶችን ከ50 ወደ 9 ቀነሰ፣ ራሱም ጥጥ ለበሰ፣ በአንድ ሾርባና በአንድ ወጥ ተመገበ። በ1773 ሰባት ታላላቅ ሹማምንት ይህን ሁሉ እንዲተው ተሰብስበው አስጨነቁት። ሌሎቹን ሹማምንት ጠርቶ የተባለው እውነት መሆኑን ከጠየቀ በኋላ ሁለቱን በሴፑኩ ቀጣ። ከዚያ ለሰም ዘይትና ለቀለም የሚሆን የላከር ዛፍ፣ ለሐር ትል የሚሆን እንጆሪ፣ ለወረቀት የሚሆን ዛፍ፣ እያንዳንዱን ሚሊዮን የመትከል ዕቅድ ወጣ። የሳሙራይ ሚስቶችና ልጆች ሽመና ተማሩ። ላከሩ እንደታሰበው አላዋጣም፤ ከምዕራብ ጃፓን የሚመጣ የተሻለ ሰም ገበያውን ነጠቀው። ሐሩ ግን ያዘ። ዕዳው ሙሉ በሙሉ የተከፈለው ዮዛን በ1822 ከሞተ በኋላ ነው።

ድርቅና ረሃብ ሲመጣ የጌታው ኃላፊነት ምን ነበር?

ጎተራ ከፍቶ ማብላት፣ ግብር መማር። ሳያደርግ የቀረው ብዙ ነው፤ ሁልጊዜም በክፋት አልነበረም። በ1780ዎቹ በተነሣው የቴንሜይ ረሃብ በሰሜን ምሥራቅ ያሉ ግዛቶች፣ ሂሮሳኪን የመሳሰሉት፣ ዕዳ ለመክፈል የጎተራቸውን ሩዝ ወደ ኦሳካና ኤዶ ልከው ስለነበር ብርዱ ሰብሉን ሲያበላሸው በእጃቸው ምንም አልነበረም። ሂሮሳኪ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ዮኔዛዋ በዚያው ጊዜ ከሌላ ግዛት ሩዝ ገዝቶ አከፋፈለ።

ገበሬውም ዝም አላለም። አቤቱታ ሲጽፉ መሪው እንዳይለይ ስማቸውን እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ዘንግ በክብ ይፈርሙ ነበር፤ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ፊርማ ማለት ነው። ምክንያቱም አቤቱታው ቢሰማ እንኳ መሪው መገደሉ የተለመደ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱስ?

ኪዮቶ ነበር፤ መሳፍንቱ እንዳይገናኙት ተከልክሎ ነበር። ለእነሱ የሚወጣው የማዕረግ ስም የእሱ ቢሆንም የሚያልፈው በሾጉኑ እጅ ነው። «የእገሌ አገር ካሚ» የሚለው ማዕረግ ያንን አገር ይገዛል ማለት አይደለም፤ መጠሪያ ብቻ ነው።

በአማርኛ ምን እንበላቸው? ራስ? ደጃዝማች? ባላባት?

«መስፍን» ለአጠቃላይ ንግግር ይበቃል። «ባላባት» ግን ያሳስታል፤ ባላባት ከአባቱ ርስት ጋር የተሳሰረ ነው፣ ዳይምዮ ግን ከነቤቱ ሊነቀል ይችላል። ራስና ደጃዝማች የጦር ማዕረጎች ናቸው፤ ዳይምዮነት ደግሞ በመሬቱ ምርት የሚለካ ነው። የመሬት መብቱን ለማስረዳት የሚቀርበው «ጉልት» ነው፤ አፈሩን ሳይሆን ግብሩን መያዝ።

በሁለቱ አገሮች መካከል እውነተኛው ግንኙነት የመጣው ዳይምዮዎቹ ከጠፉ በኋላ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የ1889ኙን የጃፓን (የሜይጂ) ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ሕገ መንግሥቱ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ጃፓንን ጎብኝተዋል።

ዳይምዮነት እንዴት ቀረ?

በ1862 የኤዶው ደጅ ጥናት በሦስት ዓመት አንድ መቶ ቀን ብቻ ሲሆን ሚስቶችና ልጆች ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ መያዣው ተፈታ። ቾሹና ሳትሱማ ከመዝገብ ውጭ ባካበቱት ትርፍ የአውሮፓ ጠመንጃና መርከብ ገዝተው ነበር። በ1867 ሾጉን ዮሺኖቡ ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ መለሰ። በ1869 ሳትሱማ፣ ቾሹ፣ ቶሳና ሂዘን የመሬትና የሕዝብ መዝገባቸውን አስረከቡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጌቶቹ ለጊዜው አስተዳዳሪ ተባሉ፤ ከግዛቱ ገቢ አንድ አሥረኛው የግላቸው ሆነ። በነሐሴ 1871 ግዛቶቹ በአንድ አዋጅ ተሻሩ። በቦታቸው 3 የከተማና 302 የክፍለ ሀገር አስተዳደሮች ቆሙ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ 302ቱ ተጣምረው 72 ሆኑ።

ለምን አልተዋጉም? ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ጦር ቶኪዮ ገብቶ ስለነበር አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዋናው ግን ዕዳው ነው። መንግሥት የግዛቶቹን ዕዳና የሳሙራዩን ቀለብ በራሱ ላይ ወሰደ። ከ1843 በፊት የተበደሩትን ደግሞ ጨርሶ ሰረዘው፤ በዚህም ብዙ የኦሳካ አበዳሪ ቤቶች ወደቁ። ለአንድ ተራ ጌታ ሹመቱን መስጠት ከባድ ሸክም ማውረድ ነበር። የሳትሱማው ሽማግሌ ሺማዙ ሂሳሚትሱ ግን እጅግ ተቆጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ርችት ሲያስተኩስ አደረ። የከፈለው ተራው ሳሙራይ ነው፤ በ1876 ቀለቡ በቦንድ ተለውጦ ቀረ፣ ሰይፍ መታጠቅም ተከለከለ፣ በቀጣዩ ዓመት ሳትሱማ ላይ የመጨረሻው አመፅ ተነሣ። የቀድሞ ዳይምዮዎች እስከ 1947 ድረስ በመኳንንትነት ቆይተዋል።

ዛሬ ጃፓን የሄደ ሰው ምን ማየት ይችላል?

የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የሆንጎ ግቢ የካጋው ማዬዳ የኤዶ መኖሪያ ነበር። ቀዩ በር የተሠራው በ1827 የሾጉኑ ልጅ ለማዬዳ ስትዳር ነው። ካናዛዋ ውስጥ የዚያው ቤት የአትክልት ቦታ፣ ኬንሮኩኤን፣ አለ። ግንብ ለማየት ሲታሰብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የኦሳካው ዋና ግንብ በ1931፣ የናጎያው በ1959 በሲሚንቶ እንደገና የተሠሩ ናቸው። ከኤዶ ዘመን ሳይፈርስ የቆየ የእንጨት ዋና ግንብ ያላቸው 12 ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም በ1609 ያለቀው ሂሜጂ፣ ማትሱሞቶ፣ ኢኑያማ፣ ሂኮኔና ማትሱዬ ይገኙባቸዋል። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ጫማ አውልቆ በካልሲ ስለሚወጣ እንጨቱ ያንሸራትታል፣ መደገፊያውን ሳይለቁ መውጣት ነው።